ቻንድለር ሲያስቀን

እንደምን አመሻችሁ? ስለ አንድ መጽሐፍ እንዳወራችሁ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ይዤ የመጣሁት የማቲው ፔሪን ግለ ታሪክ ነው። ስሙ ካልመጣላችሁ «ፍሬንድስ» በተባለው የአሜሪካ አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ያለው ቻንድለር ልበላችሁ። አሁን ፊቱ መጣላችሁ አይደል? እሱም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ገና ሲጀምር፣ ስሜ ማቲው ነው፣ እናንተ ግን በሌላ ስም ታውቁኝ ይሆናል ይላል። ወዲያው ደግሞ እስካሁን መሞት ነበረብኝ ይላል።

መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1፣ 2022 ነው። ዓመት ሊሞላው አራት ቀን ሲቀረው ሰውየው በ54 ዓመቱ ሞተ። የሞቱ ዋና ምክንያት ኬታሚን የተባለ ማደንዘዣ መድኃኒት ነበር። እኔ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ያችን መግቢያ እንደ ቀልድ ማንበብ አልቻልኩም።

የቻንድለርን ሚና ከማግኘቱ ሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ተንበርክኮ ጸለየ። የፈለግከውን አድርገኝ፣ ብቻ ታዋቂ አድርገኝ አለ። ጸሎቱ ተሰማ። በኋላ የ«ፍሬንድስ» ስድስት ዋና ተዋንያን አንድ ክፍል ሲሠሩ ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ዶላር እስከ መከፈል ደረሱ። ልብ በሉ፣ የጸሎቱ የመጀመሪያ ግማሽም አልተረሳም።

ፊልም እየሠራ በጄት ስኪ፣ በውሃ ላይ በምትነዳ ሞተር፣ ተጎዳና ለሕመሙ ቫይኮዲን የተባለ ሱስ የሚያስይዝ ማስታገሻ ታዘዘለት። ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ በቀን 55 ፍሬ የሚውጥ ሆነ። 55! እስቲ አስቡት፣ ይህን ሁሉ ክኒን ማግኘት ራሱ የሙሉ ቀን ሥራ ነው። ሐኪም ቤት መዞር አለ፣ ራሴን እየፈለጠኝ ነው ብሎ መዋሸት አለ። ከሁሉ ያልወጣልኝ ግን ሌላ ነው። እሑድ እሑድ የሚሸጡ ቤቶች ለጎብኚ ክፍት ይሆናሉ። እሱም ገዢ መስሎ ይገባል። ሽንት ቤት ልጠቀም ይልና የመድኃኒት ሣጥናቸውን ይከፍታል። ያገኘውን ኪሱ ከትቶ ይወጣል። ቻንድለር ክኒን ሰረቀን ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ? ዝናው ለሌብነቱ ከለላ ሆነለት ማለት ነው። እዚህ ጋ ሳቅኩ፤ ከዚያ መሳቄ አሳፈረኝ።

መጽሐፉ እንከን የለውም አልላችሁም። ዘመኑን እያዘለለ አንባቢን ያደናግራል። ስለ ተዋናዩ ኪያኑ ሪቭስ የጻፈው ቀልድም ለዛ የለውም፤ ራሱ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። ግን አንድ ነገር አይደብቅም። እ.ኤ.አ. በ2021 ስድስቱ ተዋንያን እንደገና ሲገናኙም ተናግሮት ነበር። ተመልካች ካልሳቀ የምሞት ይመስለኝ ነበር አለ። ሌሎቹ አላወቁም ነበር። እኔ ሳቁንም ከክኒኑ ለይቼ ማየት አቅቶኛል። ሁለቱም ለዚያች ቅጽበት ያሳርፉታል፤ ሁለቱም ነገ እንደገና ያስፈልጉታል። ልዩነቱ ሳቁን የምንሰጠው እኛ መሆናችን ነው።

የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ከሞንትሪያል ሎስ አንጀለስ አባቱ ጋ ብቻውን በአውሮፕላን ተልኳል። አንገቱ ላይ ያለ አሳዳጊ የሚጓዝ ሕፃን መሆኑን የሚናገር ምልክት አንጠልጥለውለት ነበር። ስለ ሱሱ ስጠየቅ ከዚህ ልጅ በላይ ማብራራት አልችልም።

«ፍሬንድስ»ን እንደልቡ ማየት ይከብደው ነበር። ሲወፍር መጠጥ፣ ሲከሳ ክኒን እንደነበር ከሰውነቱ ያነበዋል። በድራማው ቻንድለር ፍቅረኛውን ሞኒካን ሲያገባ የተቀረጸው ማገገሚያ ማዕከል ገብቶ ሳለ ነው። ሠርጉ ተቀረጸ፣ ከዚያ ሙሽራው በፒክአፕ ተጭኖ ወደ ማዕከሉ ተመለሰ።

ያንን ክፍል ባለፈው ሰሞን ደግሜ አየሁት። አልስቅም ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። ዓይኑን እያየሁ ስለ ፒክአፑ አሰብኩ። ትከሻውን አየሁ፣ ከስቷል ወይስ ወፍሯል እያልኩ። ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ፣ በዚያ በሚታወቅ አነጋገሩ።

ሳቅኩ።