ለደከመ ሰው የሚበቃ ጸጋ

[ምስል፦ ምድረ በዳ፣ አንድ የክትክታ ዛፍ]

በእምነት መጽናት ሲባል ብዙዎቻችን የሚመስለን ጥርስን ነክሶ መቆም ነው። እስቲ ጉልበቱ ያለቀበትን ሰው እንይ።

1ኛ ነገሥት 19። ነቢዩ ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ሲወርድ አይቷል። ወዲያው ግን ንግሥቲቱ ኤልዛቤል «እገድልሃለሁ» ብላ መልእክተኛ ላከችበት። ሸሸ። አገልጋዩን ቤርሳቤህ ተወና ብቻውን የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገባ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። እዚያው እንቅልፍ ወሰደው።

[ምስል፦ እንጎቻና ማሰሮ]

የእግዚአብሔርን መልስ ልብ በሉ። ቁጣ የለም። «ያ ሁሉ እምነትህ የት ገባ?» ብሎ የጠየቀው የለም። መልአኩ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። ራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ! መልአኩ ሁለተኛ መጣ፤ መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። ይህች ቃል ሁሌም ልቤን ትነካኛለች። እግዚአብሔር መንገዱን አላሳጠረለትም፤ ስንቅ ሰጠው። በዚያ ምግብ ኃይል 40 ቀንና 40 ሌሊት ሄዶ የእግዚአብሔር ተራራ ወደተባለው ኮሬብ ደረሰ።

እዚያም ምሬቱ አልለቀቀውም። «ብቻዬን ቀርቻለሁ» ሲል ሁለት ጊዜ ተናገረ። እግዚአብሔር ለጣዖቱ ለበኣል ያልተንበረከኩ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው፤ በእሱ ፈንታ ነቢይ የሚሆነውን ኤልሳዕን እንዲቀባም ላከው። ኤልዛቤል ገና በሕይወት አለች። ኤልያስ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሐዋርያው ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ ያለው ሥቃይ እንዲወገድለት 3 ጊዜ ለምኗል። ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። መውጊያው ተነቀለ የሚል ቃል ግን አናነብም።

ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? በፍጹም! ፊልጵስዩስ 2፥12-13 መዳናችሁን ፈጽሙ ይላል፤ አስከትሎም መፈለግንም ማድረግንም በእናንተ የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና ይላል። ኤልያስን ማንም ተሸክሞ ኮሬብ አላደረሰውም። በገዛ እግሩ ነው የሄደው፤ ጉልበቱ ግን ከተሰጠው ምግብ ነበር።

[ምስል፦ የተከፈተ መጽሐፍ ቅዱስ]

«እኔስ ወድቄአለሁ» የምትሉ ጴጥሮስን አስቡ። ገና ጌታን ሳይክድ ጌታ «እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ» ብሎት ነበር። ምልጃው ከውድቀቱ ቀድሟል።

መጸለይ ያቃታችሁ ደግሞ መዝሙር 88ን ክፈቱ። አብዛኞቹ የሐዘን መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይህኛው አይዞርም። ዘማሪው ግን በዚያ ሁሉ ጨለማ ውስጥ ሆኖ ቀንና ሌሊት የሚጮኸው ወደ እግዚአብሔር ነው። የራሳችሁ ቃል ሲጠፋባችሁ የእሱን ተውሳችሁ ጸልዩ።