አንድ ችንጋ፣ ሁለት ጣጣ

አዘጋጇ፦ ዛሬ በሱሉልታ መንገድ የሚመላለሱ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች የሚቸገሩበትን ጉዳይ እናነሳለን። መኪናው ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ ዳገቱን ሲያያዘው የባትሪው ቀይ መብራት ይበራል፤ ጥቂት ቆይቶም የሙቀት መለኪያው መርፌ ሽቅብ ይወጣል። ጋሼ፣ ባለቤቱ ባትሪ ቢቀይርም፣ ራዲያተር ቢያሳጥብም ችግሩ የማይለቀው ለምንድን ነው?

መካኒኩ፦ ሁለቱን ለየብቻ ስለሚያያቸው ነው። እንደ አሮጌዎቹ ኮሮላዎች ባሉ ብዙ መኪኖች ላይ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞም የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው አንድ ችንጋ (የጎማ ቀበቶ) ነው። ችንጋው ከላላ፣ ወይም ጎኑ ተልጎ እያብረቀረቀ መንሸራተት ከጀመረ፣ ዲናሞው በቂ ኃይል አያመነጭም፤ ውሃውም እንደሚገባው አይዘዋወርም። ስለዚህ ሁለቱ ምልክቶች አብረው ከመጡ፣ ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ሞተሩን አጥፍተሽ ችንጋውን በሚዞርባቸው ሁለት ፑሊዎች (መዘውሮች) መካከል በአውራ ጣትሽ ጫን በዪው። ከ1 ሴንቲ ሜትር እጅግ የሚበልጥ ከረገበ መወጠር አለበት፤ ከተሰነጣጠቀ ግን መወጠሩ ዋጋ የለውም፣ ይቀየር።

አዘጋጇ፦ ችንጋው ደህና ሆኖ ቢገኝስ?

መካኒኩ፦ ያን ጊዜ ባትሪው በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ይለካል። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሣ ከ13.8 እስከ 14.4 መድረስ አለበት። ካልደረሰ፣ ዲናሞው ከመፈታቱ በፊት ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄዱት ገመዶች ዝገታቸው ይጽዳ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ዲናሞ መፈተን ግን በውስጡ ያሉትን ዳዮዶች (ትንንሽ የኤሌክትሪክ ክፍሎች) ሊያቃጥል ስለሚችል እኔ በጋራዤ አላስደርገውም።

አዘጋጇ፦ ቻርጁ ተስተካክሎ ሙቀቱ ብቻ ቢቀርስ ምን ይደረጋል? ብዙዎች ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን) አውጥተው ይጥሉታል።

መካኒኩ፦ ይጥሉታል፤ ሞተሩም በጠዋቱ ብርድ ሳይሞቅ እየሠራ ነዳጅ ይጠጣል። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው የራዲያተሩን ክዳን ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነች፣ ባዶ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞስታቱ ደግሞ እንደ ዓይነቱ በ82 ወይም በ88 ይከፈታል፤ በመካከላቸው የቀረው ልዩነት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ አስቢው። 0.9 (የሚይዘው የግፊት መጠን) የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግፊቱን ይዞ የመፍላቱን ነጥብ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። የክዳኑ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያው) ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ሞተሩ ምንም ሳይጎድለው ዳገቱ መሃል ውሃው ይፈላል።

አዘጋጇ፦ ፓምፕ እስከ መቀየር የደረሰ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል።

መካኒኩ፦ ያዝናል እንጂ! ፓምፑም ቢሆን የሚጠረጠረው ከሥሩ ሲያንጠባጥብ ወይም ሲንጫጫ ነው።

አዘጋጇ፦ ክዳን ሲገዛ ምን ይታያል?

መካኒኩ፦ አሮጌው ላይ የተጻፈው ቁጥር። «ይበልጥ ይያዝልኝ» ተብሎ ከፍ ያለ ከተገጠመ ያረጀውን ቱቦ ይተረትራል። ክዳኑ የሚፈታውም ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ትኩስ ሆኖ ከተከፈተ የሚፈነዳው እንፋሎት ፊት ያቃጥላል።