አንድ ወንበር ባዶ ሲቀር

እሱ፦ እንደምን ሰነበታችሁ አድማጮቻችን? ከጅማ በምናቀርበው በዛሬው ውይይታችን፣ መስከረም በገባ ቁጥር የከተማችን የጉራጌ ተወላጆች መኪና በኮንትራት ይዘው ለመስቀል ወደ አገር ቤት ስለሚያደርጉት የጋራ ጉዞ እንነጋገራለን። አንቺ በዚህ ጉዞ ያደግሽ በመሆንሽ ዛሬ ጠያቂው እኔ ነኝ።

እሷ፦ እሺ ጋሼ። ከጅማ እስከ ወልቂጤ ያለው መንገድ ወደ 190 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ዝግጅቱ ግን ወራት ይፈጃል። የእኛ ሰፈር ተጓዦች መዋጮ የሚጀምሩት በሰኔ ሲሆን፣ ገንዘብ ያዣችን የሁላችንንም ስም በደብተር ጽፈው፣ ከከፈለው ሰው ስም ጎን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያደርጋሉ። ገጠር ያሉት እናቶቻችን ደግሞ ለክትፎው የሚሆነውን ቅቤ በዕቁብ ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ። በዓሉ ሳይደርስ እያንዳንዳችን የሌላው ባለዕዳ ሆነን እንቆያለን ማለት ነው።

እሱ፦ አንዱ በመጨረሻው ሰዓት «ቀርቻለሁ» ቢልስ?

እሷ፦ ካልከፈለ የባዶው ወንበር ሂሳብ በቀሪዎቹ ላይ ይከፋፈላል። ከአራት ዓመት በፊት የቀረሁት እኔ ነበርኩ፤ ነገር ግን ገንዘቤን ከፍዬ ስለነበር ማንንም አልጎዳሁም ብዬ ነበር። ሥራ በዝቶብኛል አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ከሰኮሩ እስከ ጊቤ ድልድይ ድረስ «መቼ ነው የምታገቢው?» መባሉ ሰልችቶኝ ነው። እኔ የጊቤን ሸለቆ በመስኮት እያየሁ ዝም ብዬ መሄድ ነበር የምፈልገው፤ በዚያ መኪና ውስጥ ግን ዝም ያለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል።

እሱ፦ እናትሽ ምን አሉ?

እሷ፦ እናቴ ከመንገድ ዳር ቆማ የሚወርደውን ሰው ስትቆጥር ነበር አሉ። መስቀል የተጣላ የሚታረቅበት በዓል ስለሆነ፣ የቀረ ሰው ቂም እንደያዘ ይቆጠራል፤ ጎረቤቶቻችን ምን አስቀየማት እያሉ ሲመጡ፣ ወንድሜ ክትፎውን ትቶ እኔ አለመቆጣቴን በመሐላ ሲያስረዳ ዋለ። የከፈልኩት የወንበሩን ብቻ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እሱ፦ ለአረፋ ወደ ቤተሰቦቻቸው የሚሄዱት ወዳጆቼም ተመሳሳይ ነገር ያጫውቱኛል። ሆኖም በአንድ ነገር ከተጓዦቹ ማኅበር ጋር አልስማማም። መምጣትሽን የመጠየቅ መብት አለው፤ መንገዱን ሙሉ እንድታወሪ የማስገደድ መብት ግን ማን ሰጠው?

እሷ፦ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው ጋሼ፤ ነገር ግን ሁለቱን መለየት ይከብዳል። ማን እንደታመመ፣ የማን ልጅ ሥራ እንደፈታ የሚታወቀው በዚያው ወሬ መካከል ነው። ወንድሜ ሱቁን የከፈተበትን ብድር ያገኘው ከአሰንዳቦ እስከ ሰኮሩ ባለው መንገድ ላይ፣ ከኋላው ከተቀመጡ ሰው ጋር እየተጨዋወተ ነው። የማገባበትን ጊዜ የሚጠይቁኝም እኚያው ሰው ናቸው። እኔን ያንገሸገሸኝ ጨዋታ ለእሱ መተዳደሪያ ሆኖታል።

እሱ፦ ታዲያ ዘንድሮ ምን ወሰንሽ?

እሷ፦ ለገንዘብ ያዣችን ግልጹን ነገርኳቸው፤ እሄዳለሁ፣ እስከ ወልቂጤ ግን ብዙ አታናግሩኝ አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ካዩኝ በኋላ ከስሜ ጎን «ኋላ፣ መስኮት» ብለው ጻፉ።

እሱ፦ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ?

እሷ፦ ያለማ እንዴት ይሆናል! የኋላው ወንበር ዕቃ የሚታጨቅበት ነው። ለዘመድ የሚሄደው የቡና ጆንያ ከእግሬ ሥር ይቀመጣል፤ የጅማ በርጩማዎቹን ደግሞ እግራቸው እንዳይሰበር እኔ እይዛለሁ።

እሱ፦ ስንት በርጩማ?

እሷ፦ እስካሁን አራት ተመዝግቧል። አንዱ የኚያ «መቼ ነው የምታገቢው?» የሚሉኝ ሰው ነው።