ሐሙሲት ለምን ሐሙሲት ተባለች?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ አብረን እናስታውስ። ሐሙሲት። ወረታ። አዲስ ዘመን። ማክሰኚት። አዘዞ። ከዚያ ጎንደር። አሁን ሁለቱን ስሞች ልብ በሉ። ሐሙሲት በሐሙስ ገበያዋ ተጠራች፣ ማክሰኚት በማክሰኞ። ቆቦ አካባቢ ደግሞ ሮቢት አለች። ሰኞ ገበያ፣ አርብ ገበያ የሚባሉትንማ ቆጥረን አንዘልቃቸውም። ለእኔ የከተማ ጂኦግራፊ የሚጀምረው እነዚህ ስሞች ላይ ነው።

ገበያው ለምን በሳምንት አንዴ ብቻ ይቆማል? ጨርቅ ሻጩ ድካሙን የሚመልስለት ገዢ ይፈልጋል። ገበሬው ደግሞ በየቀኑ ጨርቅ አይገዛም። ስለዚህ የሳምንቱ ፍላጎት ተጠራቅሞ አንድ ቀን ይወጣል። ነጋዴው በማግሥቱ አህያውን ጭኖ ወደ ጎረቤት ገበያ ይሄዳል። ገዢውም ገደብ አለው። ሸጦ፣ ሸምቶ፣ ሳይመሽ ቤቱ መግባት አለበት። ሻጩን የሚያኖር የገዢ ብዛት፣ ገዢው ደፍሮ የሚሄደው ርቀት፤ እነዚህን ሁለቱን ያዙልኝ።

ጀርመናዊው ዋልተር ክሪስታለር እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው ጥናት የደቡብ ጀርመንን ከተሞች ያብራራው በእነዚሁ ሁለት ነገሮች ነው። ከተማ ለዙሪያው ሰው አገልግሎት የሚሰጥ ማዕከል ነው አለ። የየከተማውን ክብደት ለመለካት ምን ቢቆጥር ጥሩ ነው? ስልክ! ያኔ ስልክ በብዛት የነበረው ነጋዴው፣ ሐኪሙና መሥሪያ ቤቱ ጋ ነው። ለነዋሪዋ ከሚጠበቀው በላይ ስልክ ያላት ከተማ ከራሷ አልፋ ለሌላው ትተርፋለች ማለት ነው። ይህን ዘዴ ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል።

የገበያ ክልሎችን በክብ ብትስሏቸው ወይ ይደራረባሉ፣ ወይ መሃላቸው ክፍት ይቀራል። እሱ ባለ ስድስት ጎን አደረጋቸው፣ ልክ እንደ ማር እንጀራ። ትናንሾቹ ብዙና ተቀራራቢ ናቸው። ትልልቆቹ ጥቂትና የተራራቁ። ሳሙና ሐሙሲት ይገኛል፤ ለከባድ ሕመም ባሕር ዳር ይኬዳል፤ ለኤምባሲ ቪዛ ግን አዲስ አበባ ድረስ መጓዝ ግድ ነው።

እርግጥ ይህ ሥዕል የሚሠራው ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ነው። የእኛ አገር ደግሞ ገደልና ሸለቆ የበዛበት ነው። እዚህ መንገድ ራሱ ከተማ ይወልዳል። ወረታን እዩ፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚሄደው መንገድ የሚገነጠለው እዚያ ነው። ድሬዳዋም አለች። ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት አቃተው። በግርጌው አለፈና እ.ኤ.አ. በ1902 አዲስ ከተማ ቆረቆረ።

ስለ መጠን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። እ.ኤ.አ. በ1913 ፌሊክስ አወርባክ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ አንድ ነገር አስተዋለ፤ በኋላ አሜሪካዊው ጆርጅ ዚፍ አስፋፋው። ሁለተኛው ከተማ የአንደኛውን ግማሽ ያህል ሕዝብ ይኖረዋል፣ ሦስተኛው ሲሶውን፣ አራተኛው ሩቡን። በብዙ አገር በግርድፉ ይሠራል።

እስቲ በእኛ እንሞክረው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበራት። በስሌቱ ሁለተኛዋ ከተማ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ መሆን ነበረባት። ድሬዳዋ ከተማ ግን 233 ሺህ ገደማ ነበረች። ልዩነቱ ወደ 12 እጥፍ ነው! የጂኦግራፊ ሊቁ ማርክ ጀፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1939 ሌሎቹን በሩቁ የምታስከነዳ እንዲህ ያለች ከተማን አንድ ስም ሰጣት፤ አውራ ከተማ ልንላት እንችላለን።

አዲስ አበባ ግን አውራ ሆና አልተወለደችም። ማገዶ አልቆባት፣ ምኒልክ በስተምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ሊዛወሩ አስበው ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰላት። እ.ኤ.አ. በ1917 ባቡሩ ገባ። መንገዶቹ ወደ እሷ ተሳቡ። መንገድ ቢሮ አመጣ፣ ቢሮ ሰው አመጣ፣ ሰው ገበያ አመጣ፣ ገበያው ደግሞ ሌላ መንገድ ጠራ።

በአዲስ አበባ ትልቅነት ቅሬታ የለኝም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። ትልቁ አገልግሎት ሁሉ አንድ ቦታ ሲከማች የርቀቱን ዋጋ የሚከፍለው የገጠሩ ሰው ነው። የታመመ አባቱን ይዞ አውቶቡስ ተራ ያደረ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቃል። እንደ ወረታ ባሉ መካከለኛ ከተሞች ላይ አንድ ጥሩ ሆስፒታል ወይም አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ መጨመር የስንቱን መንገድ እንደሚያሳጥር አስቡት።

በክረምቱ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ መስኮት ጋ ተቀመጡ። መኪናው በቆመባት ከተማ ሁሉ የሚወርደውን ሰው ጠይቁት። ምን ሊገዛ መጣ? ከየት መጣ? ስንት ሰዓት ፈጀበት? ጻፉት። መስከረም ላይ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ካርታውን አብረን እንስለዋለን።

አመሰግናለሁ።