የድሬ ነጋዴ ምን ያንብብ?

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ የድሬ ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

በዚህ ሙቀት ስለ መጽሐፍ ልትሰሙ መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። ወጣቶቹ ሁሌ አንድ ነገር ትጠይቁኛላችሁ። «እነዚያ በንግድ የተሳካላቸው ሰዎች ምን አንብበው ነው?» ትላላችሁ። የማውቀውን ላካፍላችሁ።

አሜሪካዊው ባለሀብት ዋረን ቡፌት በ19 ዓመቱ፣ በ1950 እ.ኤ.አ.፣ አንድ መጽሐፍ እጁ ገባ። ቤንጃሚን ግራሃም የጻፈው «ዘ ኢንተለጀንት ኢንቨስተር» ነው። ቡፌት እስካሁን ስለ ኢንቨስትመንት ከተጻፉት ሁሉ ይበልጥብኛል ይላል። በተለይ ምዕራፍ 8ን እና 20ን አንብቡ ብሎ ይመክራል። በ8ኛው ላይ ገበያው እንደ ሸሪክ ነው የቀረበው። ይህ ሸሪክ በየቀኑ እየመጣ ዋጋ ይጠራል። አንድ ቀን በደስታ ይሰክራል፣ ሌላ ቀን ተስፋ ይቆርጣል። የጠራውን መቀበል ግን ግዴታህ አይደለም። 20ኛው ደግሞ የምትገዛበት ዋጋ ከዕቃው እውነተኛ ዋጋ በደንብ ዝቅ ይበል ይላል። ስሌትህ ቢሳሳት እንኳ ያ ክፍተት ያድንሃል።

«ይሄ የአክሲዮን ወሬ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። አሸዋ ገበያ ውስጥ ድርያና ሽርጥ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። ይህንን ምዕራፍ ቁጭ ብለን ካነበብን በኋላ የሂሳብ ደብተሯ ላይ አንድ ዓምድ ጨመረች። በፊት የነበሩት ሁለት ናቸው፤ የገዛችበትና የምትሸጥበት። አሁን ሦስተኛ አለ። «ዒድ ካለፈ በኋላ ስንት ያወጣል?» የሚል። ጅምላ አከፋፋዩ አዲስ ዕቃ ሲያመጣላት መጀመሪያ የምትሞላው ያንን ነው። የሚሞላው ቁጥር የገዛችበትን የማይመልስ ከሆነ ብዙ አታነሳም። ሰው ሁሉ እየተሻማ ቢሆንም አታነሳም። እኔ መጽሐፍ ሠራ የምለው እንዲህ ሲሆን ነው።

የማይክሮሶፍት መሥራቹ ቢል ጌትስ ደግሞ በ1991 እ.ኤ.አ. ቡፌትን የምትወደው የንግድ መጽሐፍ የቱ ነው ብሎ ጠየቀው። ቡፌት የራሱን ቅጂ ላከለት። የጆን ብሩክስ «ቢዝነስ አድቬንቸርስ» ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። አንዱ ታሪክ ፎርድ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ በ1957 እ.ኤ.አ. ስላወጣው፣ ሁለት ዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ ስላቆመው ኤድሰል ስለሚባል መኪና ነው። ልብ በሉ፣ ሀብታሞቹ እርስ በርስ የሚዋዋሱት የኪሳራ ታሪክ ነው!

አነቃቂ መጻሕፍትን አልጠላም። ተስፋ የቆረጠ ሰው ያስፈልጉታል። ግን ሦስት አነቃቂ መጽሐፍ ጨርሶ ዱቤው ስንት እንደደረሰ የማያውቅ ልጅ ሳይ ያሳስበኛል። የነጋዴ መጽሐፍ ወደ ደብተርህ የሚመልስህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ዛሬ የመጣሁት በዋናነት ለዚህ ነው።

ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከተማዋን የወለዳት እሱ ነው። በዚህ ከተማ ጉምሩክ በኩል ቡናና ቆዳ ይወጣ ነበር፤ አቡጀዲ ይገባ ነበር። ያንን ንግድና ጉምሩክ በኃላፊነት ከመሩት አንዱ ነጋድራስ (የነጋዴዎች አለቃ) ገብረሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። አድዋ አካባቢ ተወልደው አውሮፓ የተማሩ ሰው ናቸው። በ1911 ዓ.ም. ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው አረፉ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው የታተመው ካረፉ በኋላ ነው።

ርዕሱን አይታችሁ የፖለቲካ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስለ ሥራ፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ገንዘብ ነው። የሚያነሱት ጥያቄ ዛሬም እዚሁ ታይዋን ገበያ መሃል ቆሞ ሊጠየቅ ይችላል። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ለምን አይበለጽግም? መልሳቸው ዕውቀት ጋ ይደርሳል። ዕውቀት ያለውና ዕውቀት የሌለው ሲገበያዩ፣ ትርፉ ወዴት እንደሚያደላ እየተነተኑ ያሳያሉ። ይህንን የጻፉት ዓለም ስለ ታዳጊ አገሮች ኢኮኖሚ መወያየት ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። እኔ ሳነበው ኩራትም ቁጭትም ይይዘኛል። እዚሁ ከተማ የሠሩ ሰው ናቸው፣ መጽሐፋቸውን ግን ስንቱ ሱቅ ውስጥ ታገኙታላችሁ?

ለአምራች ልጆች ደግሞ ልዩ ትርጉም አለው። ሳሙና ልትሠሪ፣ ቆዳ ልትሰፋ፣ ሰሊጥ ልታቀነባብር ያሰብክ ልጅ፣ የምትገባበትን ክፍተት ነጋድራስ ከመቶ ዓመት በፊት አሳይተውሃል።

አማርኛቸው ትንሽ የድሮ ነው፤ አያስቸግርም። አንድ ሁለት ገጽ ከሄዳችሁ ትለምዱታላችሁ።

ስለዚህ ሐሳብ አለኝ። ድሬ እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ትዘጋለች። ፀሐይዋ እስክትበርድ ሁላችንም ቤት ነን። ከዚያ ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ለንባብ እንውሰድ። እሁድ እሁድ አሥር ሰዓት ላይ እኔ ሱቅ እንገናኝ፤ ቦታው ካልበቃን በረንዳው አለ። በነጋድራስ መጽሐፍ እንጀምራለን። የምትመጡ ሁሉ የሂሳብ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ንግድ ያልጀመራችሁም ባዶ ደብተር ይዛችሁ ኑ። መግቢያው ላይ ስም የሚመዘግብ ልጅ አለ። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።