በማይልና በካርድ ነጥብ ቢዝነስ ክላስ መብረር፦ ከጎጃም አድማጮች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከሞጣ የደወሉ፣ እንዲሁም አሜሪካ ሆነው ጎጃም ላለ ቤተሰባቸው የሚያስቡ አድማጮች ያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። አብዛኛው ደዋይ ነጥብ (በክሬዲት ካርድ ሲከፈል የሚጠራቀም) ወይም ማይል (ከአየር መንገድ የሚገኝ) አለው፤ የቸገረው በእነዚህ የሚቆረጥ ወንበር ማግኘቱ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቅደም ተከተሉ ይያዝልን፦ መጀመሪያ ወንበሩ ተፈልጎ ይገኛል፣ ነጥቡ ከዚያ በኋላ ይዛወራል። ይህን የገለበጠ ሰው ነጥቡ በማይፈልገው አየር መንገድ አካውንት ውስጥ ታስሮ ይቀርበታል።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ደብረ ኤልያስ ትኖራለች። ካርዴ ላይ ቼዝ የሚባለው የአሜሪካ ባንክ የሰጠኝ 110,000 ነጥብ አለኝ። በቢዝነስ ክላስ ላመጣት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከቪዛው ይጀምሩ። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሳይመታ አንድም ነጥብ እንዳያንቀሳቅሱ፤ ከቼዝ አንዴ የወጣ ነጥብ ተመልሶ አይገባምና።

የቼዝ ነጥብ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ አየር መንገድ የማይል ፕሮግራም፣ ወደ ሸባ ማይልስ፣ አይሄድም። ወደ አሜሪካው አየር መንገድ ዩናይትድና ኤሮፕላን ወደሚባለው የኤር ካናዳ የማይል ፕሮግራም ግን አንድ ለአንድ ይዛወራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2011 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ የስታር አሊያንስ (ዩናይትድና ኤር ካናዳም ያሉበት የአየር መንገዶች ኅብረት) አባል ስለሆነ፣ በእነዚህ በሁለቱ ማይል የኢትዮጵያን ወንበር መያዝ ይቻላል።

ፍለጋውን እንዲህ ያድርጉት። በዩናይትድ ድረ ገጽ ላይ በማይል መክፈልን መርጠው፣ ለአንድ ሰው፣ መሄጃ ብቻ፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ይፈልጉ። መነሻውን ባሕር ዳር አድርገው ምንም ካልመጣ ተስፋ አይቁረጡ፤ ረጅሙን በረራ ለብቻው ካገኙት ባሕር ዳርን በስልክ እንዲጨምሩልዎ መጠየቅ ይችላሉ። ቀጥሎ ያንኑ ቀንና ያንኑ የበረራ ቁጥር በኤር ካናዳ ድረ ገጽ ላይ ይመልከቱ። በአንዱ ታይቶ በሌላው የማይታይ ወንበር ብዙ ጊዜ የሌለ ወንበር ነው፤ ስክሪኑ ላይ ይታያል፣ ሊቆርጡት ሲሉ ስህተት ይላል። እንዲህ ከሆነ ነጥብ ከማዛወርዎ በፊት ደውለው ያረጋግጡ።

በሁለቱም ከታየ ዋጋቸውን ያወዳድሩ። ዩናይትድ የታተመ የዋጋ ሠንጠረዥ የለውም፤ ዛሬ ያዩት ነገ ሊለወጥ ይችላል። ሁለቱም የነዳጅ ጭማሪ አያስከፍሉም፤ ኤሮፕላን ግን በአጋር አየር መንገድ ትኬት ላይ 39 የካናዳ ዶላር ይጨምራል። ዝውውሩ በሺህ በሺህ ነው፤ ነጥቡ በራስዎ ስም ወዳለው አካውንት ይገባል፣ ትኬቱ ግን በእናትዎ ስም ይቆረጣል። የዩናይትድ ማይል ትኬት ከበረራው በፊት ከተሰረዘ ማይሉ ወደ ዩናይትድ አካውንትዎ ይመለሳል፤ ወደ ቼዝ ግን አይመለስም።

ስሙ ላይ ይጠንቀቁ። የኛ ስም በላቲን ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል፤ ይበልጣልን አንዱ Yibeltal፣ ሌላው Yebeltal ብሎ ይጽፈዋል። ትኬቱ ላይ የሚገባው ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው፣ ፊደል በፊደል። በቤተሰብ ስም ቦታ የአያት ስም ገብቶ ከሆነ ትኬቱም የአያት ስም ይያዝ። በአጋር አየር መንገድ የተቆረጠ የማይል ትኬት ላይ ስም ማስተካከል አስቸጋሪ ነው፤ ትኬቱን ያወጣው አንዱ፣ መንገደኛውን የሚያሳፍረው ሌላው ስለሆነ ሁለቱ ደንበኛውን ሲያመላልሱት ቀኑ ይደርሳል።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለውን በረራ በዚያው በአንድ ትኬት ውስጥ ማስገባት በጣም ይጠቅማል። የባሕር ዳሩ አውሮፕላን ዘግይቶ ዋሽንግተኑ ቢያመልጥ፣ በአንድ ትኬት ከሆነ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍራቸዋል። ለየብቻ የተቆረጠ ከሆነ ግን ያመለጠው የማይል ወንበር ኪሳራው የእርስዎ ነው። የሻንጣውም ነገር እንዲሁ ነው፤ በአንድ ትኬት የዓለም አቀፉ ልክ ከባሕር ዳር ጀምሮ ይሠራል፣ በተለያየ ትኬት ግን የአገር ውስጡ አነስተኛ ልክ ይመጣና እናት ያዘጋጁት በርበሬና ሽሮ ሚዛን ላይ ይጣላል። ለየብቻ ከመቁረጥ ሌላ አማራጭ ካጡ፣ ባሕር ዳርን አንድ ቀን ቀድመው ይልቀቁ።

ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ የኢትዮጵያ አየር መንገድን የቦታ ማስያዣ ኮድ ዩናይትድን ይጠይቁ፤ ከዩናይትዱ ኮድ የተለየ ነው። በዚያ ኮድ የሚሠሩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ወንበር መምረጥ ነው። በኢትዮጵያ ኤ350-900 አውሮፕላን ቢዝነስ ክላስ ወንበሮቹ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ሆነው ነው የተደረደሩት። መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው ጎረቤቱ ከተኛ ተሻግሮ መውጣት አለበት፤ የመካከለኞቹ ሁለቱ ግን እያንዳንዳቸው በራሳቸው በኩል ወደ መተላለፊያው ይወጣሉ። ሌሊት መነሳት ለሚያበዙ እናት መካከለኛው ይሻላል። ሁለተኛው ዊልቸር ማዘዝ ነው። ነጻ ነው፤ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ይመዝገብ። ሦስተኛው ምግቡ ነው። ጉዞው በሁዳዴ ወይም በፍልሰታ ከሆነ የጾም ምግብ ከ24 ሰዓት በፊት ይታዘዝ። በሌላ አየር መንገድ ከሆነ ደግሞ ቬጀቴሪያን ብቻ ብሎ ማዘዝ አይበቃም፤ ወተትና እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ቪጋን የሚለው ይመረጥ።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ለሚሸኟቸው ይንገሩ። 07፡00 የሚለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ 22፡00 የሚለው ከምሽቱ 4 ሰዓት። በዚህ ብቻ አውሮፕላን የሚያመልጠው ሰው ብዙ ነው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ለንግድ ጓንጁ እመላለሳለሁ፤ ባሕር ዳርና አዲስ አበባም በየጊዜው እበራለሁ። ወኪሉ ትኬት ይቆርጥልኛል፣ ማይል ግን ተጠራቅሞልኝ አያውቅም። ለምን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወኪሉ የሸባ ማይልስ ቁጥርዎን ትኬቱ ላይ አላስገባውም፤ ወይም አካውንቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ይለያል፤ ወይም የተቆረጠልዎ ዋጋ ማይል የማያስገኝ ወይም ጥቂት ብቻ የሚያስገኝ ነው።

ሁለተኛው ላይ የልደት ቀኑንም ይመልከቱ። አካውንት ሲከፈት በኛ አቆጣጠር 1968 ብሎ የሞላ ሰው በፓስፖርቱ 1975 ወይም 1976 ነው የሚሆነው። ስርዓቱ ሁለቱን አንድ ሰው ናቸው ብሎ አይቀበልም።

ሦስተኛው ገንዘቡ ያለበት ነው። አዲስ አበባ ጓንጁ ወደ 5,000 ማይል ይርቃል፤ ደርሶ መልሱ 10,000 ነው ማለት ነው። ሙሉ የሚያስገኝ የዋጋ ምድብ ላይ ያን ያህል ሲያገኙ፣ ግማሽ በሚያስገኘው 5,000 ብቻ ያገኛሉ፣ በጣም የተቀነሰው ላይ ከዚያም ያነሰ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ግን ወደ 200 ማይል ብቻ ስለሆነ ብዙ አይጠብቁበት። ወኪሉን "ይህ ትኬት በየትኛው የዋጋ ምድብ፣ በየትኛው ፊደል ነው የተቆረጠው? ስንት በመቶ ማይል ያስገኛል?" ብለው ይጠይቁት። የዋጋ ልዩነቱ ጥቂት ከሆነ ከፍ ያለውን ይምረጡ፤ ከፍ ያለው ምድብ ወደፊት በማይል ወደ ቢዝነስ ክላስ ለማደግም በር ይከፍታል። በጣም ርካሹ ትኬት ብዙ ጊዜ አያድግም፣ ማይል ቢትረፈረፍዎም።

ያለፈውን ለማስመዝገብ ቦርዲንግ ፓሱንና የትኬት ቁጥሩን ያውጡ። የኢትዮጵያ ትኬት ቁጥር 13 አሃዝ ያለው፣ በ071 የሚጀምር ነው። ያለፈ በረራ የሚጠየቅበት የጊዜ ገደብ ስላለ ዛሬውኑ ይሥሩት። ማይሉ ራሱም ጊዜ ያልፍበታል፤ የማብቂያው ቀን አካውንቱ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፏል። እንደ እርስዎ አብዝቶ ለሚበር ሰው ከማይሉ ይልቅ አብዝቶ በመብረር የሚገኘው የአባልነት ደረጃ ሊበልጥ ይችላል። የሸባ ማይልስ ወርቅ ደረጃ የስታር አሊያንስ ወርቅ ነው፤ ኢኮኖሚ ቢቀመጡም ላውንጅ ያስገባል፣ በዚያው በረራ ከሚሄድ አንድ እንግዳ ጋር። ከዚያም በላይ ለነጋዴ የሚጠቅመው ተጨማሪ ሻንጣው ነው፤ እንደ መስመሩ 20 ኪሎ ወይም አንድ ተጨማሪ ሻንጣ።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ ባሕር ዳር ቤት እያሠራሁ ነው። ገንዘቡን በክሬዲት ካርድ ብልክ ነጥቡ ይጠራቀምልኛል?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ብዙዎቹ ካርድ ሰጪዎች የገንዘብ ዝውውርን እንደ ዕቃ ግዢ ሳይሆን ከካርድ እንደ ወጣ ጥሬ ገንዘብ ይቆጥሩታል። ነጥብ አይሰጥበትም፣ ወለዱም ያለ ምንም የእፎይታ ጊዜ ከዕለቱ ይጀምራል። ክፍያው 5 በመቶ ከሆነ 5,000 ዶላር ሲልኩ 250 ዶላር እዚያው ይሄዳል። ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ከሆነ ደግሞ በየወሩ ወደ 100 ዶላር ይጨመርበታል። ነጥብ ቢሰጥ እንኳ 5,000 ነጥብ ያን አይመልስም። ለግንባታው ገንዘብ ከባንክ ሂሳብዎ ይላኩ።

ካርዱን ለአስቤዛ፣ ለነዳጅ፣ ለኢንሹራንስ ይጠቀሙበትና በወሩ መጨረሻ ሙሉውን ይክፈሉ። ትልቁ ነጥብ የሚገኘው አዲስ ካርድ ሲከፈት በሚሰጠው ጉርሻ ነው፤ ብዙ ጊዜ በ3 ወር ውስጥ የተወሰነ ገንዘብ ማውጣት ይጠይቃል። ያን ወጪ በተፈጥሮ የሚያወጡበትን ወር ጠብቀው ይክፈቱት። ወለድ የሚከፍል ሰው ነጥብ አተርፋለሁ ቢል አያተርፍም፤ ዕዳ ያለበት መጀመሪያ ዕዳውን ይጨርስ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ልጄ ዱባይ ናት፤ በኤምሬትስ ነው የምትመላለሰው። የእሷ ማይል ለእኔ ለአገር ውስጥ በረራ ይሆነኛል?

መልስ፦ አይሆንም፣ እትዬ። ኤምሬትስ ስታር አሊያንስ ውስጥ የለም፤ የኤምሬትስና የኢትዮጵያ ማይል አይደባለቅም። ልጅዎ በኢትዮጵያ ብትመላለስ አንዱ ጉዞ ወደ 1,560 ማይል ርቀት አለው፤ ለዓመታት የሚጠራቀም ነው። ባሕር ዳር አዲስ አበባ ደግሞ አንድ ሰዓት አካባቢ ብቻ ስለሆነ ማይል ባይወጣበት ይሻላል። በብር ይቁረጡት፣ ማይሉ ለረጅሙ መንገድ ይቆይ።

ጥያቄ (ከሞጣ፣ አሁን በዴንቨር የሚኖር)፦ 90,000 ነጥብ አለኝ። በስጦታ ካርድ ልቀይረው ወይስ ልብረርበት?

መልስ፦ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የትኬቱ የገንዘብ ዋጋ ተቀንሶ በነጥብ ሲቆረጥም የሚከፈለው ታክስ፣ ውጤቱ ለነጥቡ ብዛት ይካፈል። ለምሳሌ ያህል ቢዝነስ ክላሱ 4,000 ዶላር፣ ታክሱ 100፣ ነጥቡ 88,000 ከሆነ፣ 3,900 ለ88,000 ሲካፈል አንዱ ነጥብ 4.4 ሳንቲም ዋጋ አወጣ። ኢኮኖሚው 1,200 ዶላር፣ ታክሱ 100፣ ነጥቡ 40,000 ከሆነ 2.75 ሳንቲም ነው። የስጦታ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1 ሳንቲም ነው።

ግን በዚያው ነጥብ ሁለት ሰው በኢኮኖሚ ይሄዳል። ባልና ሚስት ሆነው ለወላጅ ሐዘን የሚሄዱ ከሆነ 4.4 ሳንቲሙን ትተው በሁለት ኢኮኖሚ መሄዱ ትክክል ነው። ሳንቲሙ የሚነግረን ነጥቡ መባከን አለመባከኑን ነው፤ ማን መሄድ እንዳለበት አይነግረንም።

ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ የሚታሰብ ከሆነ ፍለጋው 11 ወር ቀድሞ ይጀመር። በእነዚያ ሳምንታት በማይል የሚለቀቀው ወንበር እጅግ ጥቂት ነው። ቀን ማቀያየር ለሚችል ሰው ማክሰኞና ረቡዕ ይሞከር፤ ከዋሽንግተን ካልተገኘ ከቶሮንቶና ከቺካጎ ይታይ። ነጥቡን ይዘው የሚጠብቁ ከሆነ የማብቂያ ደንቡን ይወቁ፦ የዩናይትድ ማይል አያልቅም፣ የኤሮፕላን ነጥብ 18 ወር እንቅስቃሴ ካጣ ይሰረዛል፣ የኮሎምቢያው አየር መንገድ የአቪያንካ ላይፍማይልስ ደግሞ 12 ወር።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በቴሌግራም አንድ ሰው የአሜሪካ ቢዝነስ ክላስ በግማሽ ዋጋ እሸጣለሁ ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ትኬቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ አደጋውም ያ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ማይል፣ አንዳንዴም በተሰረቀ አካውንት የተቆረጠ ነው። ማይል መሸጥ በፕሮግራሞቹ ደንብ ክልክል ስለሆነ፣ ሲደረስበት ትኬቱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰረዛል። መሄጃውን በሰላም በርረው መመለሻው የተሰረዘበት ሰው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ነው የሚመለሰው፤ ሻጩ በዚያን ጊዜ ስልኩን ዘግቷል። ሕጋዊው መንገድ ቤተሰብ ከራሱ አካውንት ሲቆርጥልዎ ነው። የጃፓኑ አየር መንገድ ኤኤንኤ ግን ለቅርብ ዘመድ ብቻ ነው የሚፈቅደው፦ ለትዳር ጓደኛ፣ ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለእህት ወንድም፣ ለአያትና ለልጅ ልጅ። የአጎት ልጅ አይቻልም።

ቦርዲንግ ፓስዎንም ፌስቡክ ላይ አይለጥፉት። የቦታ ማስያዣ ኮዱና ስሙ በእጁ የገባ ሰው ጉዞዎን ሊነካካው ይችላል።

ጥያቄ (ከሲያትል)፦ በሆቴል ነጥብ ባሕር ዳር ማደር ይቻላል?

መልስ፦ ጣና ዳር ያሉት ጥሩ ሆቴሎች በአብዛኛው አገር በቀል ናቸው፤ የማሪዮት ወይም የሃያት ነጥብ አይቀበሉም። ነጥቡ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ሸራተን አዲስ በማሪዮት ነጥብ፣ መስቀል አደባባይ ያለው ሃያት ሪጀንሲ በሃያት ነጥብ። የቼዝ ነጥብ ወደ ሃያት አንድ ለአንድ ይዛወራል። ለባሕር ዳሩ ሌሊት ገንዘብ ይያዙ።