ጽዋው እጇ ላይ ሳለ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ሐምሌት» እንደገና አነበብኩት። ልጅ ሳለሁ ልቤ ከሐምሌት ጋር ነበር። አሁን ግን ከሐሳቤ አልወጣ ያለኝ አጎቱ ነው፤ ንጉሥ ክላውዲየስ።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። የዴንማርኩ ንጉሥ፣ የሐምሌት አባት፣ በአትክልት ቦታው ተኝቶ ሳለ ወንድሙ ክላውዲየስ ጆሮው ውስጥ መርዝ ያፈስበታል። ለሕዝቡ «እባብ ነደፈው» ተብሎ ይነገራል። ሐምሌት እንደሚለው ወር እንኳ ሳይሞላ ክላውዲየስ የሟቹን ሚስት፣ የሐምሌትን እናት ጌርትሩድን አገባት። በእኛ ቢሆን አርባው አልወጣም።

እኔን የሚከነክነኝ ግን፣ ለምን? ለዘውዱ ነው ወይስ ለሴቲቱ?

ሦስተኛው ገቢር ላይ ራሱ ይናገራል። ሊጸልይ ብቻውን ይቀራል። ኃጢአቴ ሰማይ ድረስ ይሸታል፣ የቃየል እርግማን አለብኝ ይላል። ግን እንዴት ይቅር በለኝ ልበል? የገደልኩላቸው ነገሮች ዛሬም በእጄ ናቸው። ከዚያ ይቆጥራቸዋል፤ ዘውዴ፣ የሥልጣን ምኞቴ፣ ንግሥቴ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ሰው ፊት ስንናገር ቃል እንመርጣለን። እሱ ግን እዚያ ማንም የሚሰማው የለም፣ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ንግሥቲቱ ሦስተኛ ነች።

ሐምሌት አባቱን የገደለበት ሌየርቲስ የሚባል ወጣት በቁጣ ሲመጣበት ደግሞ እንዴት እንደያዘው እዩ። «አባትህን ትወደው ነበር? ወይስ ልብ የሌለው ፊት፣ የሐዘን ሥዕል ነህ?» ይለዋል። እዚህ ጋ መጽሐፉን ከድኜ ቁጭ አልኩ። አባቴ ያረፈ ጊዜ፣ ድንኳኑ ሳይነሳ፣ አንድ የሥጋ ዘመዴ አጠገቤ ተቀምጦ «የአባትህ ልጅ ከሆንክ ዝም አትልም» አለኝ። ዝም አላልኩም። አክስቴን በቦታ ከሰስኳት። ቦታውን የፈለገው እሱ መሆኑ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ሐዘኔን ነበር የያዘው፣ ልክ እንደ ልጓም።

ክላውዲየስ ለዚሁ ለሌየርቲስ፣ ንግሥቲቱ ከነፍሱ ጋር የተሳሰረች እንደሆነች ይነግረዋል። ውሸት አይመስለኝም፤ ይወዳታል። ግን መጨረሻው ላይ፣ ሐምሌትና ሌየርቲስ በሰይፍ ሲጋጠሙ፣ ክላውዲየስ ለሐምሌት የመረዘውን ጽዋ እሷ ታነሳለች። «ጌርትሩድ፣ አትጠጪ» ይላታል። እጠጣለሁ ትላለች።

እጇን መያዝ ይችል ነበር። ጽዋውን መትቶ ቢጥለው መሬት ላይ ይፈስ ነበር። ግን አዳራሹ በሙሉ ዞር ብሎ ያየዋል፤ ምን ነበረበት ይባላል። ትጠጣለች፤ ለራሱ ብቻ «የተመረዘው ጽዋ ነው፣ ረፈደ» ይላል።

ስትወድቅ ሐምሌት ንግሥቲቱ ምን ሆነች ብሎ ይጠይቃል። ቀድሞ የሚመልሰው ባሏ ነው። «ደም አይታ ነው» ይላል።